የሩና ወንበር ወደፊት የሚዞርበት ቀን

ግሮሴሌ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ለእማማ ሄርዲስ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አድርጎዎታል? የጎትላንድ ንፋስ ዘንድሮ ከአሁኑ ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ አሰብኩዎት። ይህን ያህል ወር ሳልጽፍልዎ መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። ስልክ እንደማይሰማዎት አውቃለሁ፤ እህትዎ ተቀብለው የምለውን ሁሉ እየጮኹ ሲደግሙልዎ ደግሞ ቃል ይጠፋኛል። የምነግርዎት ነገር የሚጮኽበት አይደለም።

ሩና ደህና ናት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። አፏን ፈትታለች፣ እንዲያውም የሚዘጋው ጠፍቷል። የላኩላት ሹራብ እጅጌው ትንሽ ረዝሞባታል፣ እሷ ግን አላወልቅም ብላ ተኝታበታለች።

ዮአር ከሞተ ወዲህ እንዴት ትኖራላችሁ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እንኖራለን። ልጅዎ የሞተበትን ኩርባ ጠዋትና ማታ አልፈዋለሁ። ሩናን የሕፃናት መዋያ አድርሼ እኔ ከተማ ወዳለው የአዛውንቶች ቤት ሥራዬ መሄድ አለብኝ። በሐይቁ ማዶ የሚዞረው መንገድ እጅግ ይረዝማል፣ ክረምት ሲገባም በረዶው በወጉ አይጠረግም። ለምጄዋለሁ ልልዎት ነበር፣ ግን አልለመድኩትም።

አሁን የጻፍኩልዎ ምክር ፈልጌ ነው። የሩናን የመኪና ወንበር ወደፊት ላዞረው አስቤያለሁ።

የሚሉኝን አውቃለሁ። ነርሷም ባየችኝ ቁጥር ትነግረኛለች፤ አራት ዓመት እስኪሞላት ፊቷን ወደ ኋላው መስታወት አድርጋ ትቀመጥ፣ የልጅ ራስ ከባድ ነው፣ አንገቷ ገና ለጋ ነው፣ መኪና ሲጋጭ ወደፊት የዞረ ልጅ ራሱ ይወረወራል፣ ወደኋላ የዞረውን ግን የወንበሩ ጀርባ ይይዘዋል። በቃሌ እወጣዋለሁ። ባለፈው ክረምት እዚያው ኩርባ ላይ ዮአር ሲነዳ አጋዘን ገብቶ የመኪናውን ፊት ሲደረምሰው ሩና ያለ አንዲት ጭረት የወጣችው ወደኋላ ዞራ ስለነበር ነው። መኪናው ተጠግኖ ዛሬም የምነዳው እሱን ነው፤ ይህንንም አልረሳሁም።

ግን ኩርባውን ባለፍን ቁጥር እጇን አንስታ ታውለበልባለች። በኋላው መስታወት፣ ለመንገዱ። «አባዬ እየመጣ ነው» ትላለች። ስፖኪዮ ውስጥ አያለሁ፤ መንገዱና ጥዱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የልጅ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ዕለት ግን «ቀስ በይ እማዬ፣ አባዬ እየሮጠ ነው» አለችኝ።

ቀስ አልኩ እኮ፣ እማማ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁና ዓይኔን ስፖኪዮው ላይ ተክዬ ቀረሁ። ከኋላዬ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ይመጣ ነበር፤ ጥሩምባውን ነፍቶ ለጥቂት ዳር ይዞ አለፈን።

ወደፊት ብትዞር ኋላዋን አታይም። እኔም አልሰማም። አዙሪያት ይበሉኝ።

አክባሪዎ ኢልቫ


ስሊተ፣ ጎትላንድ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2013

ልጄ ኢልቫ፣

ደብዳቤሽን ዝናብ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ስለዚህ ጉንፋን ቢይዘኝ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ጉልበቴን አትጠይቂኝ፣ እሱም እኔን መጠየቅ ትቷል። እህቴ ሰላም ብላሻለች። ጆሮዋ ጤነኛ ስለሆነ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ እሷ ትሰማለች፣ እኔ አርፌ እቀመጣለሁ።

አታዙሪያት።

አንቺው ጽፈሽው አንቺው ልታፈርሺው ነው? ያ ወንበር ባይኖር ዛሬ የሁለት ሰው ሐዘን ላይ ነበርን። ዮአር ወንበሩን የገጠመ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ቀበቶውን ሲስብ ጣቱን ቆርጦት፣ መመሪያውን የጻፈውን ሰው እስከ ዘር ማንዘሩ ሲሳደብ ቆሜ ስቄበታለሁ። ግን አጥብቆ ነው የገጠመው። የፈራሽው ስፖኪዮውን ከሆነ ስፖኪዮውን አዙሪው፣ ልጅቷን ተያት። መኪና ሲነዳ ደግሞ የሚታየው ወደፊት ነው። ይህን የምትመክርሽ መንጃ ፈቃድ ኖሯት የማታውቅ ሴትዮ መሆኗን አትርሺ።

ቁጣዬን ይቅር በይኝ። ስለ ልጅሽ ላስተምርሽ አልፈለግኩም።

አንዲት ቁራጭ ወረቀት አጥፌ አብሬ ከትቻለሁ። እሷን ለብቻሽ አንብቢያት። ካልፈለግሽ መልስ አትስጪኝ።

እናትሽ ሄርዲስ


ግሮሴሌ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2013

ለእማማ ሄርዲስ፣

ለቁራጯ ወረቀት መልስ ጽፌ ቀደድኩ፣ ደግሜ ጽፌ ቀደድኩ። አዎን፣ ሩና እንደምትለው ዮአር ኮፍያ አድርጓል። ቀይ ነው አለች። ስለ ጓንቱ አላውቅም። ይበርደዋል ወይ ያሉትን ልጠይቃት አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዎ ብትለኝስ?

እባክዎ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁኝ። እኔ ልጄ ይህን ነገር እንድትተወው ነው የምፈልገው። ስለ አንገቷ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ቁራጯን ካነበብኩ በኋላ አታዙሪያት ያሉኝ ስለ አንገቷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አልተቀየምኩም። ገባኝ ለማለት ያህል ነው።

የዮአር ወንበር ወደፊት አይዞርም፣ የተሠራው ወደኋላ ብቻ እንዲገጠም ነው። ሥራ ቦታ ያለች ጓደኛዬ ወደፊት የሚገጠም የልጇን ወንበር ሰጥታኛለች። ልትሄድ ስትል «እርግጠኛ ነሽ ግን? ገና ሦስት ዓመቷም አይደል» አለችኝ። ለልጄ ቢራ ላጠጣት የተነሳሁ ይመስል ነበር አስተያየቷ። ወንበሩ መጋዘን ውስጥ ነው። እስካሁን አልገጠምኩትም።

ቁራጯ ላይ ያለው ሌላው ጥያቄዎ እኔንም ሲያስጨንቀኝ ነው የከረመው። ሩና ፊቷ ወደኋላ ከነበረ፣ ዮአር ደግሞ ከፊት ሆኖ ይነዳ ከነበረ፣ አባቷን ከኋላ እንዴት አየችው? ኤርላንድን እጠይቀዋለሁ። አደጋው ቦታ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ከዮአር ጋር ግንድ ጭነው አብረው ስንት ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ከቀብሩ ወዲህ ግን ሱቅ ውስጥ ሲያየኝ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ይሸሸኛል።

ኢልቫ


ስሊተ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 2013

ልጄ ኢልቫ፣

የገና በዓል ሳይገባ እንዲደርስሽ ብዬ ጥቅል ልኬያለሁ። ማርማላታው በበጋ የለቀምነው ሰማያዊ እንጆሪ ነው። ሳፍሮን የሚባለው ቢጫ ቅመም ያለበትን ኬክ ስትጋግሪላት ከላዩ አድርጊላት። ዮአር ልጅ ሳለ ሳህኑን ይልሰው ነበር፣ ካደገ በኋላም ሰው የማያየው ሲመስለው።

ከሥሩ ቀይ ጓንት ታገኛለሽ። ለሩና ነው ልልሽ አሰብኩ፣ ነገር ግን ስታዪው የወንድ እጅ ልክ መሆኑን ታውቂያለሽ። ኮፍያውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ጓንቱን በጊዜው አልጨረስኩለትም ነበር። የፈለግሽውን አድርጊበት፣ እኔን ግን አሮጊቷ ነካ አደረጋት አትበይኝ፤ ነካ ካደረገኝም ከዚህ በፊት ነው።

ቁራጭ ወረቀት አልላክኩም። ያልሽኝን ጠብቄያለሁ።

ሄርዲስ


ግሮሴሌ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014

ለእማማ ሄርዲስ፣

ሩና ሦስት ዓመቷን ሞላች። ኬኩን አብልቻታለሁ፣ ሳህኑን ልሳለች። ማንም አላስተማራትም።

ጓንቱን መንገድ ዳር በረዶ ጠራጊዎቹ ከሚተክሉት ምልክት እንጨቶች በአንዱ ጫፍ ላይ፣ ኩርባው ጋ አጠለቅኩት። እዚህ የወደቀ ጓንት ያገኘ ሰው ባለቤቱ እንዲያገኘው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ማንም አይነካውም።

አሁን ስለ ኤርላንድ። በመጨረሻ ቤቱ ድረስ ሄጄ ያዝኩት። አልቀመጥም ብሎ በር ላይ እንደቆመ ነው የነገረኝ፣ እኔም እንዳለው እጽፍልዎታለሁ።

«በእግሩ ቆሞ ነበር፣ ኢልቫ። ልጅቷን ከመኪናው አውጥቶ ካፖርቱ ውስጥ ከትቷት ነበር። ደረቴን ትንሽ መታኝ እንጂ ደህና ነኝ አለኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ና ግባና ሁላችንም እንሂድ አልኩት። አይሆንም አለ፤ መኪናውና አጋዘኑ መንገዱን ዘግተውታል፣ ሰው ሳያውቅ መጥቶ ይገባባቸዋል፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ቆሜ መኪና አስቆማለሁ አለ። እኔ ልቆም ብለው ደረቴን አሞኛል፣ መንዳት አልችልም አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ወደኋላ የዞረ የልጅ ልጄ ወንበር አለ። እሱ ራሱ አሰራት። ጎንበስ ብሎ ‹እያየሽኝ ሂጂ፣ አባዬ ከኋላሽ ይመጣል› አላት። ከዚያ ሄድኩ። አንዴ በስፖኪዮ አየሁት፣ ቆሞ እጁን ያውለበልብ ነበር። ከዚያ መንገዱ በበረዶ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፣ ዓይኔን ከፊቴ አላነሳሁም።»

አምቡላንሱ ሲደርስ ዮአር ሞቶ ነበር። ደሙ ወደ ውስጥ ፈስሶ ነው አሉን፣ ይህን ያውቁታል።

እኔ እስከዛሬ የመሰለኝ ሩና የሌለ ነገር እንደምታይ ነበር። እሷ ግን የተባለችውን ነው የምታደርገው። እያየሽኝ ሂጂ ብሏታል። ከኋላሽ እመጣለሁ ብሏታል። ታዲያ በምን አንጀቴ አዞራታለሁ?

የጓደኛዬን ወንበር መልሼ ሰጥቻለሁ። እርስዎ ልክ ነበሩ።

ኢልቫ


ስሊተ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2014

ልጄ፣

እህቴ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ልታነብልኝ ፈለገች፣ ከእጇ ነጠቅኳት። ቆሜ መኪና አስቆማለሁ አለ? አዎ፣ ዮአር ነው። ሰባት ዓመቱ ሳለ የሰው አጥር ተከፍቶ ካየ በጎቹ እንዳይወጡ ባለቤቱ እስኪመጣ በሩን ይዞ የሚቆም ልጅ ነበር። ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እኔ እቆጣለሁ። አሁን ማንን ልቆጣ?

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሩና ስታየው ጻፊልኝ። ምን እንደለበሰ፣ ምን እንደሚመስል፣ ያለችውን ሁሉ። ከእንግዲህ በቁራጭ ወረቀት አይደለም የምጠይቅሽ። ልጄ ነው፣ ናፍቆኛል።

ሄርዲስ


ግሮሴሌ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2015

ለእማማ ሄርዲስ፣

ለባለፈው ወር ደብዳቤዎ መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ፣ የአዛውንቶቹ ቤት ሁለት ሠራተኛ ታሞብን ነበር። የጠየቁኝን ልመልስልዎ። አዎን፣ አሁንም ይመጣል። አልከሳም። ጢሙ አድጓል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ሲበላ አየሁት አለች። አሁን ደግሞ ውሻ አለው፣ ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ። አባትሽ ውሻ ወዶ አያውቅም ስላት «አሁን ወዷል» አለችኝ። ስቄ ልሞት ነበር። መኪና ውስጥ መሳቅ ከረሳሁ ቆይቶ ነበር።

እሑድ እሑድም እንሄዳለን። መዋያው ዝግ ቢሆንም ኩርባውን አልፈን ግንድ ከሚከመርበት ሜዳ ዞረን እንመለሳለን። ሩና አንዳንድ ጊዜ ቤት ሆኜ ልጫወት ትላለች፣ ከረሜላ እሰጣታለሁ። ሳታየው የቀረች እንደሆነ «ደህና አድርገሽ እዪ» እላታለሁ፣ ከዚያ ታየዋለች።

አራት ዓመት ከሞላት ሁለት ወር ሆኗታል። አላዞርኳትም። ነርሷ ስነግራት ፊቷ በራ፤ «ጎበዝ፣ ስንቱ ወላጅ አራት ሳይሞላ ይቸኩላል» አለችኝ። መዋያው በር ላይ ያሉ እናቶችም እንዳንቺ ጥንቁቅ አላየንም ይሉኛል። አንዷማ ባሏን አምጥታ የሩናን ወንበር አሳየችው፣ እንዲማርበት። እኔ ቆሜ ምስጋናዬን ተቀበልኩ። ለምን እንደሆነ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

በበጋ እመጣለሁ ያሉትን ሩና በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ይምጡ። ከኋላ አጠገቧ ይቀመጣሉ።

ኢልቫ


ስሊተ፣ ኦገስት 17 ቀን 2015

ልጄ ኢልቫ፣

ባቡሩም መርከቡም በሰላም አደረሱኝ። ያስቋጠርሽኝን ዓሣ መርከቡ ላይ በላሁት፣ ሽታው አጠገቤ ያለውን መቀመጫ ስላስለቀቀልኝ እግሬን ዘርግቼ መጣሁ። ስለ መስተንግዶሽ አመሰግናለሁ። ስንለያይ ዝም ማለቴን ጠይቀሽኛል። አኩርፌ አይደለም። የምናገረውን መርከብ ላይ ሆኜ ላስተካክለው ፈልጌ ነው፤ አሁንም አልተስተካከለም፣ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

ልጄን አያለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ይህን አልደብቅሽም። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጉጉት አንገቴን አዙሬ ኩርባውን ስናልፍ በኋላው መስታወት አፍጥጫለሁ። አንገቴ እስካሁን አልተመለሰም። ጓንቱን አየሁት፣ ፀሐይ አንጥቶታል። ሌላ ምንም አላየሁም። ያን ያህል ተስፋ ማድረጌን ሳላይ ከቀረሁ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሩናን አየኋት። እሷ በመስታወቱ ወደ ውጭ አትመለከትም ነበር፣ ኢልቫ። አንቺ እንድታያት ከፊቷ በሰቀልሽው ትንሽ መስታወት ያንቺን ዓይን ነው የምትጠብቀው። ራሷ ከወንበሩ ጫፍ በላይ ወጥቷል። ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋለች። ያስታወከችበትን ከረጢት ሰጥታኝ «ለእማዬ አትንገሪያት» አለችኝ። «አየሽው?» ብለሽ የጠየቅሻት ደግሞ ገና ኩርባው ሳይደርስ ነው። አንቺ አታውቂውም፣ እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ። ስትጠይቂያት እጄን ጨበጥ አደረገችና በጆሮዬ፣ ያውም በሚሰማው በኩል፣ «ለአንቺም ልንገርሽ አያቴ?» አለችኝ። ቡና አምጪልኝ ያልኳት ይመስል፣ እንዲያ ታዛዥ ሆና።

አዙሪያት።

አንድ ጊዜ አታዙሪያት ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ያኔ አንገቷ ገና ነበር። አሁን ጊዜዋ ነው። ከእኔ በላይ ሊያየው የሚፈልግ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ የወለድኩት። ቢሆንም አዙሪያት።

ሄርዲስ


ግሮሴሌ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2015

ለእማማ ሄርዲስ፣

በሰላም በመግባትዎ ደስ ብሎኛል።

በቁራጭ ወረቀት የጀመሩት እርስዎ ነዎት። ኮፍያ አለው ወይ ያሉኝ፣ ጓንት የላኩት፣ ስታየው ጻፊልኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን እርስዎ ስላላዩት ሁላችንም ይቅርብን ነው? ወንበሩ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ይይዛታል፣ መመሪያው ላይ አለ። የወንበሩን ራስ መደገፊያ ከፍ አድርጌዋለሁ። ለማስታወኩ ክኒን አለ።

እኔ ከእርሱ የቀረኝ ያ ኩርባ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። እባክዎ አይውሰዱብኝ።

አላዞራትም።

ኢልቫ


ስሊተ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2015

ልጄ፣

የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ነኝ የጀመርኩት። ስለዚህ የማቆመውም እኔ ነኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ስለ ዮአር ብትጽፊልኝ አላነበውም። ውሻውንም፣ ጢሙንም፣ ምንም። ሩና አየችው ያልሽባቸውን የድሮ ደብዳቤዎች ሁሉ እህቴ አርቃ እንድታስቀምጥብኝ ሰጥቻታለሁ። እንደ ልማዷ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮኼ መለስኩላት። ሌሊት ሌሊት እነሱን ነበር የማነበው።

ስለ ሩና ስትጽፊልኝ ግን አንብቤ አልጠግብም። ጥርሷ ወለቀ? ብስክሌት ላይ ወጣች? ማንን ጓደኛ ያዘች? ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አባቷ ነው የነገርሽኝ እንጂ ስለ እሷ የነገርሽኝ እፍኝ አይሞላም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም።

እወድሻለሁ። ይህን ስንገናኝ ማለት ነበረብኝ።

ሄርዲስ


ግሮሴሌ፣ ማርች 6 ቀን 2016

ለእማማ ሄርዲስ፣

ክረምቱን ሙሉ ዝም ስላልኩዎት ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ስለ ዮአር አላነብም ብለዋል። ይህ ስለ ሩና ነው፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

የፊት ጥርሷ ወልቋል። ቬንድላ የምትባል ጓደኛ አለቻት፣ ኃይለኛ ናት፣ እሷኑ ሩና ትገዛታለች። አምስት ዓመቷን ባለፈው ወር ሞላች። ለልደትሽ ምን ትፈልጊያለሽ ስላት አሻንጉሊት የምትለኝ መስሎኝ ነበር። «እንደ ቬንድላ ወደፊት መቀመጥ» አለችኝ። ፈርታ ነው ያለችኝ፣ እማማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የማይገባ ነገር የምትጠይቀኝ ይመስል። ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ዮአር የገጠመውን ወንበር የፈታሁት እኔ ነኝ። ቀበቶውን ያሰረበት ቋጠሮ በጥርስም አልፈታ ስላለ ኤርላንድ መጥቶ ረዳኝ። ለሁለታችንም ቀላል አልነበረም። ወደፊት የሚያየውን አዲሱን ገጠምነው፣ ሩናም ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ከፊቷ ያለውን መቀመጫዬን በጫማዋ እየመታች «ሁሉም ነገር እየመጣ ነው» አለች። ለካ እስከዛሬ ሁሉ ነገር ሲሄድ ብቻ ነው የምታየው።

ኩርባው ሲደርስ ምንም አልጠየቅኳትም። ትንሽ እንደሄድን «ዛሬ አትጠይቂኝም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አባዬን።»

«አሁን እኮ ወደኋላ አታዪም።»

«በፊትም አላየውም ነበር» አለች። «ስለምትጠይቂኝ ነው። ካልነገርኩሽ ፊትሽ እንዲህ ይሆናል።» እንዴት እንደሚሆን በፊቷ አሳየችኝ። ያ ፊት የእኔ ነው፣ ስፖኪዮ ውስጥ አየሁት።

ግንድ የሚከመርበት ሜዳ ገብቼ መኪናውን አቆምኩ። ወርጄ ከኋላ አጠገቧ ገባሁ።

«ውሻውስ?» አልኳት።

«ውሻውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ብቻውን እንዳይሆን። ተቆጣሽ?»

«አልተቆጣሁም። መጀመሪያስ? በጣም ትንሽ ሳለሽ፣ ያኔም አላየሽውም?»

«ያኔማ አይቼዋለሁ» አለች፣ ይህ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት። «የኤርላንድ መኪና ውስጥ ሆኜ። እኛ ስንሄድ እሱ ሮጠ። ከዚያ ደከመው፣ በረዶው ላይ ቁጭ አለ።»

እማማ፣ ኤርላንድ ይህን አላየም። ቆሞ እያውለበለበ ትቶት ዓይኑን ወደ ፊቱ መለሰ። እኛም ማንም ሳያየው ብቻውን ሞተ ብለን ነው እስከዛሬ የምናለቅሰው። እያየሽኝ ሂጂ ብሏት ነበር፣ እሷም እያየችው ነው የሄደችው። የሁለት ዓመት ልጅ፣ እስኪቀመጥ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የምትነግረው ሰው ሳይኖር ይህን ይዛ፣ እኔ በምጠይቃት ቁጥር አባቷን አስነስታ ስታስሮጥልኝ ኖራለች።

«አንቺን ያይሽ ነበር?» አልኳት።

«አዎ፣ ያየኝ ነበር።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«አውለበለብኩለት» አለች። «እሱም አውለበለበልኝ። ከዚያ እኛ ሄድን።»

ልጅዎ ኢልቫ